የካምበር ማስተካከያ ሳህን

የካምበር ማስተካከያ ሳህን (በጋራዥ አጠራር ካምበር ፕሌት) የመኪና የፊት ሾክ አብዞርበር የላይኛው ጫፍ ከመኪናው አካል ጋር የሚታሰርበትን ቦታ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ለማንሸራተት የሚያስችል የብረት ወይም የአሉሚኒየም ማሠሪያ ነው። የላይኛው ጫፍ ሲንሸራተት ጎማው ከቁም መስመር የሚያዘነብልበት ማዕዘን ማለትም ካምበሩ ይቀየራል። ሳህኑ አብዛኛውን ጊዜ የሚገጠመው ኮይልኦቨር ከሚባለው፣ ቁመቱ በጥርስ ከሚስተካከል የሾክና የሞላ ስብስብ ጋር ነው። ለውድድር በሚዘጋጁና ባለቤቶቻቸው ቀስ በቀስ በሚያሻሽሏቸው መኪኖች ላይ የተለመደ ነው።

ሳህኑ የሚያንቀሳቅሰው አንድ ነጥብ ብቻ ነው። የተጣመመ ብራቾ አያቀናም፣ ያለቀ ቦል ጆይንት አይተካም፣ በግጭት የተገፋ አካልንም ወደ ቦታው አይመልስም። ከተገጠመ በኋላ የጎማዎቹ አቅጣጫ (ቶ) እንደገና ካልተስተካከለም ጎማን ከማዳን ይልቅ ቶሎ ይጨርሳል።

ካምበር፣ ካስተር እና ቶ

መኪናን ከፊት ለፊት ቆሞ ለሚያይ ሰው ጎማው ቀጥ ብሎ ከቆመ ካምበሩ ዜሮ ነው። የጎማው አናት ወደ መኪናው ካዘነበለ ካምበሩ ኔጌቲቭ፣ ወደ ውጭ ካዘነበለ ፖዘቲቭ ይባላል። የሚለካው በዲግሪ ነው።

ካስተር መኪናው ከጎን ሲታይ ጎማው በመሪ የሚዞርበት ዘንግ ወደ ኋላ የሚያዘነብልበት ማዕዘን ነው። መሪው ከመታጠፊያ በኋላ በራሱ ወደ ቀጥታ እንዲመለስ በዋናነት የሚያደርገው ካስተር ነው። ቶ ደግሞ ከላይ ሲታይ የሁለቱ ጎማዎች አቅጣጫ ነው። የፊት ጫፎቻቸው ከተቀራረቡ ቶ-ኢን፣ ከተራራቁ ቶ-አውት ይባላል።

ሦስቱ ማዕዘኖች በአንድ ላይ ይሠራሉ፤ ጎማን በመብላት ግን እኩል አይደሉም። ካምበር ያለቅጥ ሲበዛ አንደኛው የጎማ ጠርዝ ብቻ ያልቃል። የቶ ስህተት ግን መላውን ጎማ ከሚሄድበት አቅጣጫ ወደ ጎን እየጎተተ ይፈገፍገዋል። ለምሳሌ አንድ ጎማ ከትክክለኛ አቅጣጫው ሩብ ዲግሪ (0.25) ብቻ ቢዛነፍ በየኪሎ ሜትሩ 4.4 ሜትር ያህል ወደ ጎን ይገፋል። ከሀዋሳ እስከ አዲስ አበባ ባለው 275 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ይህ ሲደመር 1.2 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ሩብ ዲግሪ በዓይን የማይታይ መዛነፍ በመሆኑ አሽከርካሪው ጉዳቱን የሚያውቀው ጎማው ካለቀ በኋላ ነው።

ኔጌቲቭ ካምበር ለምን ያስፈልጋል

መኪና ወደ ግራ ሲታጠፍ አካሉ ወደ ቀኝ ያጋድላል፤ የቀኙ ጎማም አብዛኛውን ክብደት ይሸከማል። በዚህ ጊዜ ክብደት የተሸከመው ጎማ ከአካሉ ጋር አብሮ ወደ ውጭ ማዘንበል ይጀምራል። ጎማው መንገዱን የሚይዘው በውጨኛው ጠርዙ ብቻ ስለሚሆን የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል። አስቀድሞ ትንሽ ኔጌቲቭ ካምበር ከተሰጠው ግን በመታጠፊያው ላይ ወደ ቀጥታ ይመጣና ሙሉ ገጹ አስፋልቱን ይይዛል።

ይህ ጥቅም ዋጋ አለው። መኪናው ቀጥ ብሎ ሲሄድና ፍሬን ሲያዝ ብዙ ኔጌቲቭ ካምበር ያለው ጎማ የሚነካው መሬት ያንሳል። ስለዚህ ለዕለት ተዕለት አገልግሎት የሚመረጠው መጠን ከውድድር መኪና በጣም የተለየ ነው።

የማክፈርሰን ስትራት

ሳህኑ ለምን በሾኩ አናት ላይ እንደሚቀመጥ ለመረዳት ማክፈርሰን ስትራት የሚባለውን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። አሠራሩ የተሰየመው በአሜሪካዊው መሐንዲስ ኧርል ማክፈርሰን (1891–1960 እ.ኤ.አ.) ነው። በ1950 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ በቀረቡት የእንግሊዝ ፎርድ ኮንሰል እና ዚፈር መኪኖች ላይ ከዋለ በኋላ በትንንሽ መኪኖች ዘንድ በዓለም ዙሪያ ተስፋፍቷል።

በዚህ አሠራር የላይኛው ብራቾ የለም። ጎማውን ከታች አንድ ብራቾ በቦል ጆይንት ይይዘዋል፤ ከላይ ደግሞ ሾኩ ራሱ ከኮፈኑ ስር በሚታየው የሾክ ቤት ላይ ይታሰራል። በሾክ ቤቱና በሾኩ መካከል ጎሚኒና ኩሽኔታ ያለው ማሠሪያ አለ። ጎሚኒው ንዝረትን ይቀንሳል፣ ኩሽኔታው መሪው ሲዞር ሾኩ አብሮ እንዲዞር ያደርጋል።

አሠራሩ ቀላልና ርካሽ ቢሆንም በብዙ መኪኖች ላይ ከፋብሪካ የተሠራ የካምበር ማስተካከያ የለውም። በዚህ ረገድ ለብዙ ዓመታት በአዲስ አበባ ሰማያዊና ነጭ ታክሲ ሆኖ ያገለገለው ላዳ ይለያል። በፊያት 124 ላይ ተመሥርቶ የተሠራው ላዳ ከፊት ሁለት ብራቾ ስላለው በታችኛው ብራቾ ማሠሪያ ላይ ስስ ንጣፎችን በመጨመር ወይም በመቀነስ ካምበሩንም ካስተሩንም ማስተካከል ይቻላል። ከፊት ማክፈርሰን ስትራት ባላቸው እንደ ቶዮታ ኮሮላና ቪትስ ባሉ መኪኖች ላይ ግን አላይመንት ቤት በተለምዶ የሚያስተካክለው ቶን ነው። ካምበሩ ከልኩ ሲወጣ ባለሙያው «ካምበሩ አይስተካከልም» የሚለው በዚህ ምክንያት ነው።

የሳህኑ አሠራር

ሳህኑ የፋብሪካውን የላይኛውን ማሠሪያ ይተካል። ዋና ዋና ክፍሎቹ፦

• ከሾክ ቤቱ ጋር በብሎን የሚታሰር የታችኛው ሳህን፤
• ረጃጅም ቀዳዳዎች ያሉትና በላዩ የሚንሸራተት የላይኛው ሳህን፤
• የሾኩን ዘንግ የሚይዝና በሁሉም አቅጣጫ የሚዞር ድቡልቡል ኩሽኔታ፤
• የሞላው የላይኛው መቀመጫና ክፍተት መሙያ ሮንዴላዎች።

አንዳንዶቹ ከጎን ወደ ጎን ብቻ ይንሸራተታሉ፤ ሌሎቹ ካስተርንም ለማስተካከል ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይሄዳሉ።

የለውጡን መጠን በቀላል ሒሳብ መገመት ይቻላል። ከታችኛው ቦል ጆይንት እስከ ሾኩ አናት ያለው ርቀት 600 ሚሊሜትር ቢሆን፣ አናቱን 10 ሚሊሜትር ወደ ውስጥ ማስገባት ካምበሩን ወደ 1 ዲግሪ ገደማ ኔጌቲቭ ያደርገዋል። በሳህኑ ላይ ትንሽ የሚመስል መንሸራተት በጎማው ላይ ትልቅ ለውጥ የሚያመጣው ለዚህ ነው።

ሳህኑ ከኮይልኦቨር ጋር የሚሄድበት ምክንያት የቦታ ጉዳይ ነው። የፋብሪካው ሞላ ሰፊ በመሆኑ ሾኩ ወደ ውስጥ ሲገባ የሾክ ቤቱን ግድግዳ ይነካል። በኮይልኦቨር ላይ የሚታሰረው ሞላ ግን የውስጥ ስፋቱ ብዙ ጊዜ ከ60 እስከ 70 ሚሊሜትር ብቻ ስለሆነ ለመንቀሳቀስ ቦታ ይተዋል።

ሌላው የካምበር ማስተካከያ መንገድ ሾኩን ከጎማው ተሸካሚ ጋር የሚያስሩትን ሁለት ብሎኖች አንዱን በቀጭን ወይም ባዘነበለ ብሎን መተካት ነው። ይህ ርካሽ ነው፤ ነገር ግን የጎማው አናት ወደ ሾኩ ስለሚጠጋ ሰፊ ጎማ ሊነካ ይችላል። በሳህኑ ሲስተካከል ሾኩና ጎማው አብረው ስለሚያዘነብሉ በመካከላቸው ያለው ክፍተት አይቀየርም።

ከመግጠም በፊት የሚደረግ ምርመራ

ካምበሩ ከልክ የወጣው ለምን እንደሆነ ሳይታወቅ ሳህን መግጠም ችግሩን መደበቅ ነው። ግራና ቀኙ ጎማ በካምበር ከግማሽ ዲግሪ በላይ ከተለያዩ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የተጣመመ ክፍል ነው። ጉድጓድ ውስጥ በኃይል የገባ ወይም የመንገድ ጠርዝ የመታ መኪና ብራቾው፣ የሾኩ ዘንግ ወይም የጎማው ተሸካሚ ሊጣመም ይችላል። የተጣመመ ብረት ተዳክሟል፤ በሳህን ልኩ ቢስተካከልም በሚቀጥለው ጉድጓድ ሊሰበር ይችላል።

ስለዚህ የብራቾ ጎሚኒዎች፣ ቦል ጆይንት፣ የመሪ ዘንግ ጫፎችና የጎማ ኩሽኔታ ይፈተሻሉ። የሾክ ቤቱ ብየዳ ዙሪያም ይታያል፤ ስንጥቅ ወይም ዝገት ካለ ሳህኑ ከመገጠሙ በፊት መጠገን አለበት። ድቡልቡሉ ኩሽኔታ የመንገዱን ምት እንደ ጎሚኒ ሳያለዝብ በቀጥታ ወደዚህ ቦታ ስለሚያስተላልፍ የደከመ ብረት አይችለውም።

የአገጣጠም ቅደም ተከተል

1. መኪናው በሜዳ ላይ ቆሞ የጎማው አየር ይስተካከላል፤ ካምበር፣ ቶና የአካሉ ቁመት ተለክቶ ይመዘገባል።

2. ከኮፈኑ ስር የሾክ ቤቱ ዳዶዎች በትንሹ ይላላሉ። የመሃሉ የሾክ ዘንግ ዳዶ ግን አይነካም። የፋብሪካ ሞላ በከፍተኛ ኃይል ታፍኖ የተቀመጠ ስለሆነ ይህ ዳዶ በሞላ ማፈኛ መሣሪያ ሳይያዝ ከተፈታ ሞላው ተፈናጥሮ ሰውን ሊገድል ይችላል።

3. መኪናው በክሪክ ተነስቶ በጠንካራ የብረት መደገፊያ ላይ ይቀመጣል፤ የኋላ ጎማዎች ታኮ ይደረግባቸዋል። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ስር መግባት ክልክል ነው።

4. ጎማው ይወልቃል። የፍሬን ቱቦ፣ የኤቢኤስ ሽቦና የማረጋጊያ ዘንግ ማያያዣ ከሾኩ ይለያያሉ። የፍሬን ቱቦው እንዳይለጠጥ የጎማው ተሸካሚ በሽቦ ወይም በገመድ ይንጠለጠላል።

5. የታችኞቹ ሁለት ብሎኖች ከዚያም የላይኞቹ ዳዶዎች ተፈተው የሾኩ ስብስብ ይወጣል። ከብሎኖቹ በፊት የነበሩበትን ቦታ በቀለም ማመልከት በኋላ ለማነጻጸር ይረዳል።

6. ሳህኑ በአምራቹ ሥዕል መሠረት በኮይልኦቨሩ ላይ ይገጣጠማል። የሮንዴላዎቹና የክፍተት መሙያዎቹ ቅደም ተከተል ከተዛባ ዘንጉ ይላላል ወይም ኩሽኔታው ይጨመቃል። የግራና የቀኝ ሳህን ብዙ ጊዜ ስለሚለያይ ምልክቱ ይታያል።

7. የሾኩ ዘንግ ዳዶ በእጅ መሣሪያ ይጠብቃል። በአየር ወይም በኤሌክትሪክ መፍቻ መምታት ዘንጉን ያሽከረክረዋል፤ የውስጥ ማሸጊያውንም ሊጎዳ ይችላል። በራሱ የሚቆለፍ ዳዶ አንዴ ከተፈታ በአዲስ ይተካል።

8. ስብስቡ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ሳህኑ ለጊዜው በመሃል ላይ ይቀመጣል። ሁሉም ብሎኖች ለመኪናው በተወሰነው ልክ በቶርክ ቁልፍ ይጠብቃሉ። ለኮሮላና ለቪትስ የጎማ ዳዶ የተለመደው ልክ 103 ኒውተን ሜትር ነው።

9. መሪው እስከ መጨረሻው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይዞራል። ጎማው፣ ሞላው፣ የፍሬን ቱቦውና ሽቦው የትም መንካት የለባቸውም። ሞላው ሲዞር ከተንጣጣ የላይኛው መቀመጫ በትክክል አልተቀመጠም ማለት ነው።

ማስተካከልና መለካት

መኪናው ከክሪክ እንደወረደ ጎማዎቹ ተጎትተው ስለሚቆሙ ወዲያው የሚወሰድ ልክ የተሳሳተ ነው። ጥቂት ሜትር ወደ ፊትና ወደ ኋላ ከተነዳና አካሉ ከላይ ተጫን ከተደረገ በኋላ ይለካል። ቅደም ተከተሉም አይቀየርም፦ መጀመሪያ የአካሉ ቁመት፣ ቀጥሎ ካስተር፣ ከዚያ ካምበር፣ በመጨረሻ ቶ። ከፊተኛው አንዱ በተነካ ቁጥር የኋለኞቹ ይለወጣሉ። ካምበር ሲቀየር ቶ ወዴት እንደሚሄድ የሚወሰነው የመሪው ክንድ ከጎማው መሃል ፊት ወይም ኋላ በመሆኑና በከፍታው ነው። ስለዚህ በግምት አይተውም፤ ይለካል።

አላይመንት ማሽን እስኪደረስ ካምበሩን በግንበኛ ቱንቢ መገመት ይቻላል። ቱንቢው ከጎማው ጎን ይወርድና ከክሩ እስከ ቸርኬው የላይኛውና የታችኛው ጠርዝ ያለው ርቀት ይለካል። በሁለቱ ነጥቦች መካከል 400 ሚሊሜትር ካለ የ7 ሚሊሜትር ልዩነት 1 ዲግሪ ማለት ነው። የላይኛው ርቀት ከበለጠ ካምበሩ ኔጌቲቭ ነው። መሬቱ ዘንበል ካለ ልኩ ስለሚሳሳት መኪናው ፊቱን አዙሮ በዚያው ቦታ እንደገና ይለካና አማካዩ ይወሰዳል።

ለዕለት ተዕለት መኪና ከዜሮ እስከ ኔጌቲቭ 1.5 ዲግሪ ያለው ልክ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ለውድድር ሜዳ ከኔጌቲቭ 2 እስከ 3.5 ዲግሪ የተለመደ ነው። መኪና ፖዘቲቭ ካምበሩ ወደሚበልጥበት ጎን የመሳብ ጠባይ አለው። ኢትዮጵያ ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ በቀኝ በኩል ስለሚነዳባት፣ ለውኃ መውረጃ ተብሎ ወደ ቀኝ የተዳፋው የመንገድ ጠርዝ መኪናን ወደ ቀኝ ይስባል። አንዳንድ ባለሙያዎች ይህን ለማካካስ የግራውን ጎማ በሩብ ዲግሪ ያህል ወደ ፖዘቲቭ ያደርጉታል።

ከ100 እስከ 200 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ ሁሉም ብሎኖች እንደገና ይፈተሻሉ። በሳህኑ ላይ የቦታውን ምልክት በቀለም ማድረግ መንሸራተት ካለ ወዲያው ያሳያል።

በኢትዮጵያ ሁኔታ

በኢትዮጵያ አሮጌ መኪናን ጠግኖ ማቆየት ከፍላጎት ይልቅ የኑሮ ጉዳይ ነው። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 በአሮጌ መኪኖች ላይ ከፍተኛ ታክስ ከጣለ ወዲህ ያለውን መኪና ማሻሻል ይበልጥ ትርጉም አግኝቷል። የጋራዡ ቋንቋም ይህን የቆየ ልምድ ይመሰክራል። ብራቾ፣ ሞላ፣ ባሌስትራ፣ ዳዶ፣ ሮንዴላ፣ ቸርኬና ጎሚስታ ሁሉም ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ካምበር፣ ኮይልኦቨርና አላይመንት ግን ከኋላ ከእንግሊዝኛ የገቡ ናቸው።

እንደ ሀዋሳ ባሉ ከተሞች አንድ መኪና በአንድ ቀን አስፋልት፣ ኮብልስቶንና የአፈር መንገድ ሊያገኝ ይችላል። ይህ ለሳህኑ ምርጫ ወሳኝ ነው። ድቡልቡሉ ኩሽኔታ ክፍት ሲሆን አቧራና ጭቃ ይገባዋል፤ ሲያልቅም በእያንዳንዱ የፍጥነት መቀነሻ ላይ የማንኳኳት ድምፅ ይሰማል። ኮብልስቶን ደግሞ ያለማቋረጥ ትንንሽ ምት ይሰጣል። በእንዲህ ዓይነት መንገድ ለሚሠራ መኪና ጎሚኒ ያለው ሳህን፣ ወይም ኩሽኔታው በአቧራ መከላከያ የተሸፈነ፣ የተሻለ ነው። በየጊዜው ማጽዳትና ከክረምት በኋላ መፈተሽም ያስፈልጋል።

የአካሉን ቁመት በብዙ ማውረድም ሌላ ችግር ያመጣል። የማክፈርሰን ስትራት የታችኛው ብራቾ ከአግድም መስመር አልፎ ወደ ላይ ሲያዘነብል፣ አካሉ ባጋደለ ቁጥር ጎማው ኔጌቲቭ ካምበር ማግኘቱን ያቆማል። መኪናው ለዓይን ስፖርታዊ ቢመስልም በመታጠፊያ ላይ ከቀድሞው የባሰ ሊይዝ ይችላል፤ ሆዱም በፍጥነት መቀነሻ ላይ ይላተማል።

በአዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ተሽከርካሪዎች በየዓመቱ የቴክኒክ ምርመራ ይደረግላቸዋል። የመሪና የሰስፔንሽን ክፍል የደኅንነት ጉዳይ በመሆኑ ከፋብሪካ ውጭ የሆነ ለውጥ ከመደረጉ በፊት መኪናው የተመዘገበበትን ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ተገቢ ነው።

የሚያስፈልግበትና የማያስፈልግበት ጊዜ

ሳህኑ ጥቅም የሚሰጠው መኪናው ጤነኛ ሆኖ ባለቤቱ ካምበሩን ሆን ብሎ መቀየር ሲፈልግ ነው። ቁመቱ በመቀነሱ ካምበሩ ከልክ በላይ ኔጌቲቭ የሆነን መኪና ወደ ልኩ ለመመለስም ያገለግላል። ጎማው በአንድ ጠርዝ ስለሚያልቅ ብቻ ሳህን ለመግዛት ለሚያስብ ሰው ግን የመጀመሪያው እርምጃ የጎማ አየር መለካት፣ ሁለተኛው ቶን ማስተካከል፣ ሦስተኛው የተጣመመና ያለቀ ክፍል መፈለግ ነው። ብዙ ጊዜ ችግሩ ከእነዚህ በአንዱ ይፈታል፤ ወጪውም ከሳህኑ ያነሰ ነው።

በተጨማሪ ይዩ፦ ሾክ አብዞርበር፣ የጎማ አላይመንት፣ ቶዮታ ኮሮላ፣ ላዳ